ካርቶኑ ባዶ አልነበረም፦ ለግዥና ንብረት ኃላፊዎቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ የግዥና ንብረቱን ሥራ ለያዛችሁልን መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለተረካቢ ኮሚቴው አባላት፤

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፣ እናንተም እኛም እናውቀዋለን፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ ስሙን ሳይሆን ነገሩን እንዲያይልን ነው የምንፈልገው። እኛ እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የምናሰለጥን ሰዎችና ከኛ ተምረው ወጥተው ሞባይል ጥገና፣ ዲሽ ተከላ፣ ሞተር ጥቅለላ ላይ የተሰማሩ ልጆች ነን። በአካል ሦስት ጊዜ መጥተናል፣ በደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠይቀናል፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማን ግን መቁጠር ትተናል፣ ስለዚህ አሁን በአደባባይ እንጽፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ስንጠይቅ የከረምነው የሴንሰር (እንቅስቃሴንና የአየር ግፊትን የመሰለ ነገር የሚለካ ትንሽ ዕቃ) ግዥ ጸድቆ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ያሸነፈው ነጋዴ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። 60 ፍሬ ነው። ካርቶኑ የጫማ ካርቶን ያክላል፣ ከዛም ውስጥ አብዛኛው ስፖንጅ ነው። የተረካቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ካርቶኑን አንስተው ነቀነቁት፣ ምንም አልተንኳኳም፣ "ይሄ ባዶ ነው እንዴ?" አሉ። ሲከፈት ደግሞ ባሰ። ሰማያዊዋ ቦርድ ላይ ያለችውን ጥቁር ነገር በጣታቸው እያሳዩ "ለዚች ምስር ለምታክል ነገር ነው መንግሥት ብር የሚያወጣው?" ብለው ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያው ደረሰኝ) አይቆረጥም አሉ። ከዛ ክርክሩ አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ ዕቃ ወደሚለው ዞረ፣ ቋሚ ከሆነ የንብረት መለያ ቁጥሩ የት ላይ ይጻፍ፣ በማርከር ቢጻፍበት እኮ ቁጥሩ ከዕቃው ይበልጣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተባብለን ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ተመለሰ፣ በሚያዝያ ደግሞ "ግዥው ተሰርዞ በጀቱ ወደ ቢሮ ዕቃ ዞሯል" የሚል ደብዳቤ ደረሰን። የቢሮ ዕቃ የተባለው የሚሽከረከር ወንበር ነው። በወንበሩ አልተመቀኘንም፣ ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ያቺ ምስር ምን እንደሆነች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በዛ ሁሉ ስብሰባ አንድም ሰው "ምንድነው የምትሠራው?" ብሎ አልጠየቀንም። ስፋቷ 4 ሚሊሜትር በ4 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቷ 1 ሚሊሜትር አይሞላም፣ ኤምፒዩ 6050 ትባላለች። ውስጧ ማሽን አለ። ማሽን ስል ለማጋነን አይደለም፣ የሚንቀሳቀስ አካል፣ ስፕሪንግ፣ ማቆሚያ ያለው ማሽን ነው፣ ብቻ የአካሎቹ መጠን በማይክሮሜትር ነው የሚለካው፣ አንዳንዶቹ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናሉ። የዚህ ዓይነቶቹን በጥቅሉ ሜምስ ይሏቸዋል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ የወረደ ሰው ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል፣ ስሙን ስላልነገሩት ነው እንጂ። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትይዙ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ከያዘ ሰውነታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጎናችሁ ያለው ሰው ላይ ትደገፋላችሁ፣ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ እንኳ መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ ከሰውነታችሁ ታውቃላችሁ። ቺፗ ውስጥ ያለችው ተሳፋሪ ደቃቅ የሲሊከን (ቺፕ የሚሠራበት ቁስ) ቁራጭ ናት፣ በራሱ በሲሊከን በተሠሩ ቀጫጭን ስፕሪንጎች ተንጠልጥላለች። ከጎኗ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የወጡ ጣቶች አሏት፣ ከግድግዳው የወጡ ሌሎች ጥርሶች ደግሞ በመሃል በመሃላቸው ገብተዋል፣ ሳይነካኩ። ሁለት ማበጠሪያ ፊት ለፊት አስገቡና እዩት፣ እሱው ነው። ቁራጯ ስትንገዋለል በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት አንዱ ጋ ይጠባል ሌላው ጋ ይሰፋል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ነገሮች ሳይነካኩ ተቃርበው በመሃላቸው ክፍተት ካለ ካፓሲተር፣ ማለት የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ ነው፣ ክፍተቱ ሲለወጥ የካፓሲተሩ ልክ ይለወጣል። ለውጡ የፒኮፋራድ (በጣም ትንሽ የካፓሲተር መለኪያ) ሺኛ ክፍልፋይ ደረጃ ላይ ያለ ነው፣ ወርክሾፓችን ያለው መልቲሜትር ጨርሶ አያየውም፣ ለዚህ ነው የሚለካው ሰርኪት እዛው እሷው ጉያ ውስጥ የተቀመጠው። ለኛ የሚወጣው የተጣራ ቁጥር ብቻ ነው። አክስለሮሜትር የሚባለው ይሄ ነው።

ቁጭ ባለችበትም ዝም አትልም፣ የመሬት ስበት ሁልጊዜ ስለሚጎትታት የት በኩል ወደ ታች እንደሆነ ታውቃለች። ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው በዚህ ነው፣ መንፈስ አይደለም።

እዛችው ቺፕ ውስጥ ጋይሮስኮፕም አለ፣ እሱ መዞርን ነው የሚለካው፣ እዚህ ላይ ነው ወንበራችሁ የሚጠቅመን። በሚሽከረከረው ወንበር ተቀምጣችሁ ሰው እያዞራችሁ እጃችሁን ከደረታችሁ ወደ ፊት ብትሰነዝሩ ቀጥ ብሎ አይሄድላችሁም፣ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ይሰማችኋል። ኮሪዮሊስ ይሉታል። ቺፗ ውስጥ በሰከንድ ወደ 30 ሺህ ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንድትርገበገብ የተደረገች ቁራጭ አለች፣ ቦርዱ ሲዞር ወደ ጎን ትገፋለች፣ የተገፋችው በዛው በማበጠሪያው ዘዴ ይለካል። በቃ ይሄው ነው፣ አስማት የለበትም።

"ታዲያ እንዲህ የረቀቀ ከሆነ እንዴት ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይበልጥም፣ ጥራት የለውም ማለት ነው" ያሉ የኮሚቴ አባል ነበሩ፣ ጥያቄያቸው ከሁሉም የተሻለ ስለነበረ ልመልስ። አንድ በአንድ ስለማይሠራ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት መንገድ፣ በአንድ የሲሊከን ሳህን ላይ ሺዎቹ ባንዴ ይወጣሉ። የሕንፃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሶሌታ እንዴት እንደሚሞላ ያውቃል፣ ከሥር ፎርምወርክ ይመታል፣ ኮንክሪቱ ይፈሳል፣ ሲደርቅ ፎርምወርኩ ይነሳና ሶሌታው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህም በፎርምወርኩ ፈንታ ከሥር ኦክሳይድ ይነጠፋል፣ ከላዩ ሲሊከን ይነጠፍና በብርሃን ቅርጹ ወጥቶ ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ኦክሳይዱ በአሲድ ይሟሟል፣ ስፕሪንጉና ማበጠሪያው አየር ላይ ይቀራል። ሲሊከን ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ጠንካራ ነው፣ እንደ ሽቦ ታጥፎ ታጥፎ አይላላም፣ ኩርት ፒተርሰን የሚባሉ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሊከን ለኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን ለሜካኒክስም የሚሆን ቁስ መሆኑን በሰፊው ጽፈው ካሳዩ ወዲህ ነገሩ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አናሎግ ዲቫይስስ የሚባል የአሜሪካ ቺፕ አምራች ለመኪና ኤርባግ የሚሆነውን አክስለሮሜትር ማምረት ጀመረ። ከዛ በፊት የግጭቱ ማወቂያ በቱቦ ውስጥ የምትሮጥ የብረት ኳስ ዓይነት ነበረች፣ መኪናው ፊት ላይ ከአንድ በላይ ይገጠም ነበር። ዛሬ አንድ ሚጢጢ ቺፕ ትበቃለች። ኤርባግ ያለው መኪና የምትነዱ ኃላፊዎች ሕይወታችሁን አደራ የሰጣችሁት ለምስር ነው፣ አውቃችሁትም ባታውቁትም።

አሁን ወደ በደላችን።

የካርቶኑን ነግሬያችኋለሁ፣ እሱ ግን ያመጣውን ጣጣ አልጨረስኩም። ከ60ዎቹ ውስጥ 12ቱን ያሰብናቸው ከደብረ ሲና በታች ላለው ተዳፋት ነበር። በ1998 መጀመሪያ ይዛባ ወይን በኩል መሬቱ ቤትና ማሳ ይዞ እንዴት እንደወረደ ያየ ሰው ዛሬም በየክረምቱ ተኝቶ አያድርም፣ ከሰልጣኞቻችን አንዱ የዛ ሰፈር ልጅ ነው። ሐሳቡ የሱ ነው፦ መሬት ውስጥ እንጨት ወይ ቧንቧ ተተክሎ ጫፉ ላይ አክስለሮሜትር ይታሰራል፣ መሬቱ ቀስ እያለ ሲላወስ እንጨቱ ዘመም ይላል፣ ጥሩዎቹ ሴንሰሮች ከ1 ዲግሪ ያነሰ ዘመምታ ይለያሉ፣ ከገደብ ሲያልፍ ሲም ካርድ ባለው ቦርድ ሜሴጅ ይልካል። ሴንሰሯ የምትበላው ኤሌክትሪክ በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ስለሆነ መሣሪያው ነቅቶ እየለካ እንደገና እንዲተኛ ከተደረገ በትንሽ ባትሪና ሶላር ክረምቱን ያልፋል። በራሳችን ገንዘብ በገዛነው አንድ ሴንሰር ግቢያችን ውስጥ ሞክረነዋል። አልዋሽም፣ መጀመሪያ አሳፍሮናል፣ ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ሌሊት ሌሊት እንጨቱ ዘመመ እያለ ይልክና ረፋድ ፀሐይ ሲመታው ተመልሶ ይቃናል። መሬቱ ምንም አልሆነም፣ ብርዱ ነው ሴንሰሯን የሚያሳስታት። የሙቀት ንባቡን አብረን ወስደን ማረም ተማርን። እንዲህ ያለው ነገር ከመጽሐፍ አይገኝም፣ ዕቃው በእጅ ካልገባ። ክረምቱ ግን ኮሚቴ አይጠብቅም፣ ዘንድሮም 12ቱ እንጨት ሳይተከል አለፈ።

ሁለተኛው የወፍጮ ቤቱ ነው። አንዷ ምሩቃችን ሰፈሯ ካለ ወፍጮ ቤት ሞተር ላይ፣ ኩሽኔታው አጠገብ፣ አንድ አክስለሮሜትር በሙጫ ለጠፈች። ኩሽኔታ ሊሄድ ሲል ድንገት አይሄድም፣ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይለወጣል፣ ጆሮ ሳይሰማው ሴንሰሯ ታየዋለች፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች ይሄን ከጀመሩት ቆይተዋል። ባለ ወፍጮው ደስ ብሏቸው ነበር ምክንያቱም ሞተር ተቃጥሎ ለጥቅለላ እስኪሄድ ስንት ቀን እህል ይቆማል። ለቁጥጥር የመጣ ባለሙያ አይቶ "ይሄ ካሜራ ነው፣ ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ ነቅሎ ወሰደው። ካሜራ ሌንስ አለው ወንድሜ፣ ይሄ ዓይን የለውም፣ የሚያውቀው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው! ብላ አስረዳችው፣ አልሰማም። እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው አሉ። ልጅቷም ከዛ በኋላ "እኔ ቻርጀር እየሸጥኩ ብኖር ይሻለኛል" ብላናለች፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል።

ሦስተኛው የስልኮቹ ጉዳይ ነው፣ የጥገና ሰዎች ይሄን ስታነቡ ራሳችሁን ትይዛላችሁ። ለልምምድ የተለገሱን 34 የተበላሹ ስልኮች ነበሩ። ስቶር ከመግባታቸው በፊት "ይጽዱ" የሚል ትዕዛዝ መጣ፣ ቦርዶቹ በሙሉ አልትራሶኒክ ማጠቢያ ውስጥ ተከተቱ። እኛን የጠየቀ የለም። አልትራሶኒክ ማለት ፈሳሹን ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት የሚያርገበግብ ማሽን ነው፣ ቅድም እንዳልኳችሁ ደግሞ ጋይሮስኮፗ ውስጥ በዛው ዓይነት ፍጥነት የምትርገበገብ ቁራጭ አለች፣ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ስፕሪንጉ ይበጠሳል ወይ ጥርሶቹ ይጣበቃሉ። አምራቾቹ ራሳቸው በአልትራሶኒክ አትጠቡት ብለው ያስጠነቅቃሉ። ማይክራፎኑም እንደዛው ነው፣ የዛሬ ስልክ ማይክ ቀጭን የሲሊከን ገለፈት ናት፣ በቀዳዳዋ ፈሳሽ ወይ የተጨመቀ አየር ከገባባት አለቀላት። ከ34ቱ 19ኙ ስክሪናቸው መዞር አቆመ ወይ ድምፅ አይወስዱም። ከዛ በሪፖርት ላይ "አሰልጣኞቹ በአግባቡ ባለመያዛቸው" ተብሎ ተጻፈ። ይሄ ቃል እንዲነሳልን እንፈልጋለን።

አንድ ሌላ ደግሞ አለ፣ በደል ነው ለማለት ባልደፍርም የቆጨን ነገር ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይ ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.8 የደረሰው ከመጣ በኋላ፣ ሰልጣኞቹ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የዚህ አገር ሰው መንቀጥቀጥን ከአያቶቹ ይሰማል፣ በ1953 የካራቆሬው ማጀቴን እንዳፈረሳት የሚነግሩ ሽማግሌዎች ነበሩን። "ቲቸር እንዴት ነው የሚለካው?" ሲሉኝ ያኔ ገና የማሳያት አንድ ሴንሰር አልነበረችኝም፣ የራሴን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በነፃ አፕ የአክስለሮሜትሩን መስመር ከፈትኩላቸው፣ ልጆቹ ወለሉን በእግራቸው ሲመቱ መስመሩ ይዘላል፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይሄንኑ የስልክ ሴንሰር ለመንቀጥቀጥ ማወቂያ እየተጠቀመበት እንደሆነ ነገርኳቸው። ርካሿ ሴንሰር የእውነተኛውን የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ (ሳይስሞሜትር) ቦታ አትተካም፣ የራሷ ጫጫታ ስላላት ደቃቁንና የሩቁን አትሰማም፣ ይሄንንም ነግሬያቸዋለሁ። ግን 40 ልጅ በአንድ ስልክ ነው የተማረው፣ ያውም ስክሪኑ በተሰነጠቀ።

የግፊት ሴንሰሮቹንም ሳላነሳ አልለፍ፣ ከ60ው ውስጥ 20ዎቹ የአየር ግፊት የሚለኩ፣ ቢኤምፒ 280 የሚባሉ ነበሩ። ከበሮ አስቡ፣ ቆዳው ሲሊከን የሆነ፣ ውስጡ አየር የሌለበት። የውጭው አየር ሲጫነው ቆዳው ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ላዩ ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ተከላካዮች (ሬዚስተሮች) ልካቸው ይለወጣል፣ ሲሊከን ሲለጠጥ ተከላካይነቱ እንደሚለወጥ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 720 ሄክቶፓስካል ነው፣ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ወደ 870 ይደርሳል፣ ሴንሰሯ ግን የ1 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት እንኳ ትለያለች፣ ደረጃ ስትወጡ ታውቅባችኋለች። ደጋና ቆላ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ያለው ዞን ይሄን ለማስተማር ካልተመቸ የቱ ይመቻል? ለአየር ሁኔታ መመዝገቢያ፣ ለሽንኩርት ገበሬው፣ ለስንቱ ባሰብነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። የተሰረዘው ግዥ በዚህ በጀት ዓመት ይመለስልን፣ ሙሉው ባይሆን እንኳ የተዳፋቱ 12 ሴንሰር ከክረምት በፊት። ተረካቢ ኮሚቴው ውስጥ ዕቃውን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ይግባ፣ ከኛ ካልፈለጋችሁ ከሌላ ቦታ አምጡ፣ ግን ዕቃ በካርቶን ክብደት አይመዘን፣ ቦርዱ ላይ ተሰክቶ ቁጥር ሲሰጥ ታይቶ ይፈረምበት። የመለያ ቁጥሩን ነገር ሰማይ የሚያህል አታድርጉት፣ ሴንሰሯ ላይ ባይጻፍ የምትቀመጥባት ትንሽ ሳጥን ላይ ይጻፋል። የወፍጮ ቤቱ ሴንሰር ከመሳቢያ ወጥቶ ለልጅቷ ይመለስ፣ ባለሙያውም ይቅርታ ቢላት ደስ ይለናል፣ ባይልም እቃውን ይስጣት። የ34ቱ ስልኮች ሪፖርት ይታረም፣ ወደፊትም ቦርድ ከመታጠቡ በፊት አንድ ስልክ ደውሉልን፣ ለሊትም ቢሆን እናነሳለን።

መልስ እስክትሰጡን ወርክሾፓችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ነው። ያቺው አንዷ ሴንሰራችን ጠረጴዛው ላይ ትጠብቃችኋለች። ስትመጡ ከአዲሶቹ ወንበሮች አንዱን ይዛችሁ ብትመጡ ደግ ነው፣ ለጋይሮስኮፑ ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፤
የኤሌክትሮኒክስ አሰልጣኞችና የቀድሞ ሰልጣኞች ተወካይ
ሰሜን ሸዋ